የተቆረጠው ምራን

የመኪና ቺንጋ ሲበጠስ የሚያሰማው ድምፅ ትንሽ ነው። እርጥብ ጨርቅ ድንጋይ ላይ ሲመታ እንደሚሰማው ሆኖ አንድ ጊዜ ብቻ «ጧ» ብሎ ያልፋል፤ ልጆች እየተጨቃጨቁ ከሆነ ላይሰማም ይችላል። እኛ የሰማነው ጥር 14 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ እሑድ ከቀትር በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ የሊማሊሞን ዳገት ሽቅብ በመውጣት ላይ ሳለን ነበር። ታናሽ ወንድሜ በእናቴ ጭን ላይ ተኝቷል፤ እኅቴ ገደሉን ላለማየት ፊቷን በሻርፕ ሸፍናለች፤ አባቴ ብቻ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ አንሥቶ «ምን ነበር እሱ?» አለ። ወዲያው ከመሪው ጀርባ የባትሪው ቀይ መብራት በራ።

ይህ ታሪክ በቤታችን ብዙ ጊዜ ተነግሯል። ጎንደር ላይ ዘመድ በተሰበሰበበት በዓል ሁሉ፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ አንድ ሰው «እስቲ የሊማሊሞዋን አጫውቱን» ማለቱ አይቀርም። እኅቴ ስለ ጨለማው ትተርካለች፣ እናቴ ስለተቃጠለው መቀነቷ ታነሣለች፣ ወንድሜ ደግሞ ስድስት ዓመት ብቻ የነበረው ቢሆንም ሁሉንም እንደሚያስታውስ ሆኖ ያወራል፤ ሰው ይስቃል፣ ጨዋታው ይደምቃል። እኔም ለብዙ ዓመታት አብሬ ስቄያለሁ። ዕድሜዬ እየገፋ ሲሄድ ግን በዚያ ጨዋታ ውስጥ አንድ ነገር እንደሚጎድል እየተሰማኝ መጣ። የሚጎድለው ምራኑ ነው፤ ይህን የምጽፈውም ስለ ምራኑ ለመናገር ነው።

አባቴ ጉዞውን ቃል የገባልን ከመስከረም ጀምሮ ነው። የፊዚክስ መምህር ነበር፤ ስለ ከፍታና ስለ አየር ግፊት ሲያስተምር ምሳሌው ሁልጊዜ የስሜን ተራሮች ነበሩ። የገዛ ልጆቹ ግን ስሜንን አይተው አያውቁም። በጎንደር ተወልዶ፣ በአንድ ቀን መንገድ ርቀት ላይ የሚገኘውንና ዓለም በ1978 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በቅርስነት የመዘገበውን ተራራ ሳያዩ ማደግ በእርሱ ዘንድ ጉድለት ነበር፤ ይህ እንደ ዕዳ ይከብደው እንደነበር አሁን ይገባኛል። በዚያ ዓመት ጥምቀት ሐሙስ ዋለ። ዓርብ የሚካኤልን ታቦት ሸኝተን ቅዳሜ ማለዳ በቶዮታችን፣ ሁሉም ሰው «ዲኤክስ» በሚላት በዚያች አሮጌ ኮሮላ፣ ተነሣን።

ከጎንደር እስከ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ያኔ መንገዱ ኮረኮንች ነበርና በኮሶዬ፣ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርገን፣ የወገራን ሜዳ አቧራ ጠጥተን፣ ከሰዓት በኋላ ከአክስቴ ቤት ደረስን። ስለዚያ ቀን የምለው ብዙ የለኝም፤ ደስ የሚል ቀን ነበር። በማግስቱ ቅዳሴ ካስቀደስን በኋላ አባቴ መኪናችን ወደ ፓርኩ ውስጥ ለመግባት አቅም እንደሌላት ስላወቀ፣ በምትኩ ሊማሊሞን ሊያሳየን ወሰነ። ቁልቁለቱን እንወርዳለን፣ አንድ ዛፍ ጥላ ሥር ምሳችንን እንበላለን፣ ሳይመሽ ተመልሰን እንወጣለን። እናቴ ድፎ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ቆሎ ቋጠረች።

ሊማሊሞን ያላየ ሰው በቃል ሊረዳው ይከብደዋል። ደባርቅን አልፎ ወልቅፊት ከሚባለው ስፍራ ሲደርስ ምድሩ በድንገት ያልቃል። ከዚያ በኋላ መንገዱ በገደሉ ደረት ላይ እየታጠፈና እየተጠማዘዘ፣ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወደ ዛሪማ ይወርዳል። ያስቆረጠው ጣሊያን ነው፤ በአምስቱ የወረራ ዓመታት። ወልቅፊት ላይ መሽጎ የነበረው የጣሊያን ጦር እጁን የሰጠው መስከረም 1934 ዓ.ም. ሲሆን ጎንደርም ራሷ ነፃ የወጣችው ከዚያ ሁለት ወር ያህል ቆይታ፣ ኅዳር 18 ቀን ነው። አባቴ በየጠመዝማዛው መኪናዋን እያቆመ ይህን ሁሉ ነገረን። ጭላዳዎች በገደሉ ጫፍ ተቀምጠው ሣር ይነጩ ነበር። ወንድሜ አንዱን ወንድ ጭላዳ፣ ደረቱ ላይ ያለውን ቀይ ቆዳ አይቶ፣ «ቆስሏል፣ መድኃኒት እንስጠው» ብሎ አለቀሰ።

መመለሻችን ላይ ነው ቺንጋው የተበጠሰው።

አባቴ መኪናዋን ወደ ተራራው ጥግ አስጠግቶ፣ ጎማዋ ሥር ድንጋይ ወሽቆ ኮፈኑን ከፈተ። ቺንጋ፣ ኮፈን፣ ታኮ፣ ክሪክ፣ ቴስታታ የምንላቸው ቃላት ሁሉ የመጡት መንገዱን ካስቆረጡት ሰዎች አፍ እንደሆነ የነገረኝ ያን ዕለት ነው፤ ይህን የነገረኝ እኔን ለማረጋጋት እንደነበርም እጠረጥራለሁ፤ እጁ ሲንቀጠቀጥ አይቼዋለሁና። ከሞተሩ ሥር ሁለት ቦታ የተበጠሰ ጥቁር ጎማ አወጣ። በዚያች መኪና ላይ ቺንጋው ሦስት ሥራ ነበረው፤ ማራገቢያውን ያዞራል፣ ውሃውን በሞተሩ ውስጥ የሚያዘዋውረውን ፓምፕ ያዞራል፣ ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞ ያዞራል። እርሱ ከሌለ ሞተሩ ለጥቂት ደቂቃ ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ይፈላል፤ ሹፌሩ እልክ ከተጋባ ደግሞ የቴስታታው ጓርኒሲዮን፣ ማለትም የሞተሩ ክዳን ማሸጊያ፣ ይቃጠላል፣ መኪናውም እዚያው ይቀራል።

እናቴ ጀሪካኑን አንሥታ ራዲያተሩ ላይ ውሃ ልትጨምር ስትል አባቴ በሁለት እጁ ከለከላት። ከባሕር ጠለል በላይ በየ300 ሜትሩ ከፍታ ውሃ የሚፈላበት ሙቀት በአንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፤ ደባርቅ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ ግድም ነው። በራዲያተሩ ውስጥ ያለው ውሃ ከዚያ በላይ ሞቆም ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ አፍኖ ስለያዘው ነው። ክዳኑ በትኩሱ የተከፈተ እንደሆነ ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ፊት ላይ ይወጣል። «ክፍል ውስጥ ሃያ ጊዜ ያስተማርኩት ይህን ነው» አለኝ፤ «አሁን መጠበቅ ነው።» እኛም ጠበቅን።

በሁለት ሰዓት ውስጥ ያለፈ መኪና አንድ ብቻ ነበር፤ ጭነት የያዘ፣ ወደ ታች የሚወርድ አይሱዙ። ሹፌሩ ቆመ፤ ሳይለምኑት ወርዶ ትርፍ ቺንጋውን አውጥቶ ለካ፤ ርዝመቱ አልገጥም አለ። ሙሉ ጀሪካን ውሃ ትቶልን «ወንድሜ፣ ማታ እዚህ መንገድ ላይ ማንም አያልፍም፤ ልጆቹን ይዘህ አንድ ቤት ተጠጋ» ብሎ ሄደ። አባቴ ሞባይል አልነበረውም፤ ቢኖረውም በዚያ ገደል ሥር የሚጠቅመው አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ እናቴ ሳትናገር ከወገቧ ላይ መቀነቷን ፈታች። ለቤተ ክርስቲያን የታጠቀችው፣ ጥለት ያለው አዲስ መቀነት ነበር። አባቴ አጠንክሮ ገመደው፣ በሦስቱ ዘዋሪዎች ዙሪያ አዙሮ ቋጠረው፣ ሞተሩን አስነሣ። ቋጠሮው ወደ ዘዋሪው ቦይ በገባ ቁጥር ሞተሩ ይንገጫገጫል፤ ገና ሁለት መታጠፊያ እንኳ ሳንወጣ የተቃጠለ ጥጥ ሸተተን፣ መቀነቱም ተበጣጠሰ።

ሰውየው የመጡት ያኔ ነው። ከመንገዱ በታች፣ ከገደሉ ደረት ላይ እንደ መደብ ወጣ ያለች አንዲት ጠባብ እርሻ ነበረች፤ እዚያ ያለው አውድማ ላይ ጤፍ ሲያበራዩ ቆይተዋል። ሞተሩ ሲነሣና ሲጠፋ ሰምተው፣ መንሻቸውን እንደያዙ፣ ፀጉራቸው ላይ ጭድ እንዳለ ወጡ። ከአባቴ በዕድሜ ይበልጣሉ፤ ስድሳ ዓመት ገደማ ይሆናቸዋል። ከኋላቸው አንድ ወጣት ልጃቸው ተከትሏቸዋል። በእኛ አገር እንደሚደረገው ስለ ደኅንነት፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ አዝመራው ተጠያየቁ፤ ሰላምታው ሳያልቅ ስለ መኪናው አልተነሣም። ከዚያ በኋላ ሽማግሌው የተቃጠለውን መቀነት ከመሬት አንሥተው አሸተቱት።

«ጨርቅ አይችለውም» አሉ። «ያጠፋውም ቋጠሮው ነው።» ቀጥለው ጎንበስ ብለው ጣታቸውን ወደ ዘዋሪው ቦይ አስገቡ፤ ጥልቀቱንና ቅርጹን በጣታቸው አዩት። «ሲዞር ይግላል?»

«አዎ አባቴ፣ ይግላል» አለ አባቴ።

«እንግዲያ ቆዳ ነው የሚችለው። ሴቱንና ልጆቹን ወደ ቤት ግባ በላቸው፤ ብርዱም ጅቡም አሁን ነው የሚወርደው።»

ቤታቸው ክብ የሣር ክዳን ቤት ነበር። ባለቤታቸው በራፉ ላይ ተቀምጠው ስፌት ይሰፉ ነበር፤ ሲያዩን ስፌታቸውን አስቀምጠው «ቤት ለእንግዳ!» ብለው ተነሡ። እኅቴንና ወንድሜን እንደ ልጅ ልጆቻቸው እቅፍ አድርገው አስገቧቸው፤ ለወንድሜ እርጎ፣ ለእኛ እንጀራ በሽሮ፣ ለአባቴ ጠላ ቀረበ። ይህ ሁሉ ሲሆን ማን እንደሆንን፣ ከማን ወገን እንደሆንን ገና አልጠየቁንም ነበር።

ሽማግሌው ወደ ጓዳ ገብተው ከግድግዳው ላይ ምራን አውርደው መጡ። ከከተማ ለሚያነብልኝ ሰው ልንገረው፤ ምራን ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር አጥብቆ የሚይዘው የቆዳ ጠፍር ነው። ሁለት በሬዎች በሙሉ ኃይላቸው ሲስቡ የሚሸከመው እርሱ ነው፤ እርሱ ከሌለ በሬዎቹ ቢኖሩም፣ ማረሻው ቢኖርም እርሻ የለም። የእርሳቸው ምራን በዕድሜ ብዛት ጠቁሮ፣ በቅቤ ለስልሶ፣ እንደ ጥሩ ጫማ ያበራ ነበር።

ቢላዋቸውን ሲያወጡ ባለቤታቸው ቀና ብለው አዩአቸው። ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው ያዩአቸው፤ አንድ ቃል እንኳ አልተናገሩም፤ ከዚያ በኋላ ዓይናቸውን ወደ ምጣዱ መለሱ። እኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ያንን አስተያየት አይቼዋለሁ፤ ትርጉሙን ግን አላወቅኩትም። አንድ አሮጌ ጠፍር የሚቆረጥ ነው የመሰለኝ።

የተበጠሰውን ቺንጋ መሬት ላይ አስተኝተው ርዝመቱን ለኩ። ከምራኑ ላይ ከዳር እስከ ዳር የጣት ስፋት የሌለው ቀጭን ጠፍር ቆረጡና ውሃ ውስጥ ነከሩት፤ «ቆዳ ርሶ ይረዝማል፣ ሲደርቅ ይጠብቃል፤ የሞተራችሁ እሳት ያደርቀዋል፣ ያጠብቀዋል» አሉ። አባቴ ይህን ሲሰማ የተማሪ ፊት ሆነ። እርሱ ስለ ሙቀት የሚያውቀውን ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ቆዳ ግን በሙቀት ምን እንደሚሆን የሚያውቁት ሽማግሌው ነበሩ።

ጠፍሩ ሲርስ ሁለቱን ጫፎች በቢላዋ አሳስተው፣ አንዱ በሌላው ላይ ሲተኛ ውፍረታቸው ተደምሮ የአንድ ጠፍር ያህል ብቻ እንዲሆን አደረጉ፤ መቀነቱን የገደለው ቋጠሮ እንደገና እንዳይፈጠር ነው። ከዚያ ባለቤታቸውን ወስፌ ጠየቁ። ስፌት የሚሰፉበትን ወስፌ ሰጧቸው። መሽቶ ስለነበር የእጅ ባትሪውን እንድይዝ አባቴ ለእኔ ሰጠኝ። በሕይወቴ ከእነዚያ ደቂቃዎች የበለጠ በጥንቃቄ ያየሁት ነገር ያለ አይመስለኝም። ወስፌው ቆዳውን ሲበሳ ትንሽ ጠብታ ውሃ ይወጣል፤ በቀዳዳው ጅማት ይገባል፤ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ይጫኑታል፤ በጥርሳቸው ይስቡታል፤ ከዚያ የሚቀጥለው ቀዳዳ ይበሳል። አሥራ አንድ ስፌት ቆጥሬያለሁ። በመካከሉ ክንዴ ዝሎ ብርሃኑ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሽማግሌው ሥራቸውን አቁመው ጠበቁኝ። «ዕረፊ ልጄ፣ እኛ አንቸኩልም» አሉ። ክንዴን ቀይሬ ያዝኩላቸው።

ወደ መኪናዋ ተመልሰን ጠፍሩን በዘዋሪዎቹ ላይ አዋሉት። ማጥበቂያው የዲናሞው ብሎን ነው፤ ብሎኑ ይላላል፣ ዲናሞው ወደ ውጭ ይገፋል፣ ቺንጋው ሲወጠር ብሎኑ ይጠብቃል። መግፊያ አልነበረንምና የመንሹን እጀታ ተጠቀሙ፤ ልጃቸው ደገፍ ብሎ ገፋ፣ አባቴ አጠበቀ። ሞተሩ ተነሣ። ጠፍሩ ትንሽ ጮኸ፣ ዞረ፣ ቀይዋ መብራት ደብዘዝ ብላ ጠፋች። ማንም አልጮኸም፣ ማንም አላጨበጨበም፤ ሽማግሌው ብቻ በመስቀል አማተቡ።

አባቴ ከኪሱ ገንዘብ ሲያወጣ እጁን ያዙት። «የእግዜር እንግዳ ነህ» አሉት፤ ከዚህ ሌላ አልተናገሩም። ልጃቸውን ግን አብሮን እንዲሄድ አዘዙት፤ አንድ ጀሪካን ውሃና ለጎማው ታኮ የሚሆን ድንጋይ አስያዙት።

ዳገቱን የጀመርነው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ግድም ነው። አባቴ በአንደኛ ማርሽ እየነዳ፣ የሞተሩን ሙቀት ለመቀነስ የውስጥ ማሞቂያውን በሙሉ ከፍቶ፣ መስኮቶቹን አውርዶ ይወጣ ነበር፤ ከፊት የሚመጣው ትኩሳት ፊታችንን ያነደዋል፣ ከጎን የሚገባው የስሜን ብርድ ጆሯችንን ይቆርጠዋል። የሙቀት መለኪያው ጠቋሚ ወደ ላይ ሲጠጋ መኪናዋ ትቆማለች፤ ልጁ ከኋላ ሮጦ ድንጋዩን ጎማው ሥር ያስገባል፤ ሞተሩ ጠፍቶ ጸጥታው ይወርዳል። በየማቆሚያው አባቴ ጠፍሩን በእጁ ዳሰሰ። መጀመሪያ ላላ፣ ዲናሞውን እንደገና ገፉት፤ ከዚያ በኋላ ግን ሽማግሌው እንዳሉት እየደረቀ ሲሄድ እየጠበቀ መጣ። በጣም ቀጥ ያሉት ዳገቶች ላይ እናቴና እኔ ወርደን በእግራችን ወጣን። ጨረቃ አልነበረችም፤ ከታች ባለው ጨለማ ውስጥ፣ በጣም ርቃ፣ አንዲት ቀይ የእሳት ነጥብ ትታይ ነበር፤ የእነዚያ ሰዎች ምድጃ መሆኗን ልጁ ነገረኝ። የእኛ መብራት ከገደሉ ጫፍ እስኪሰወር ድረስ እንደማይተኙም ነገረኝ።

ወልቅፊት ላይ ስንወጣ ግማሽ ጨረቃ ከምሥራቅ ብቅ አለች፤ እኩለ ሌሊት አልፎ ነበር። አክስቴ በር ላይ ቆማ እያለቀሰች ጠበቀችን። ልጁ አክስቴ ቤት አደረ፤ እኛ ከመነሣታችን በፊት፣ ጎህ ሲቀድ፣ አክስቴ በቋጠረችለት ስንቅ ወደ ሊማሊሞው በእግሩ ተመልሷል። አባቴ ሰኞ ደባርቅ ላይ ቺንጋ ገዝቶ አስገጠመና ጠፍሩን አውጥቶ ኪሱ ውስጥ አኖረው። ማታ ጎንደር ገባን። በቤታችን የሚነገረው ታሪክ እዚህ ላይ ያበቃል።

በየካቲት ወር መጨረሻ፣ ዐቢይ ጾም በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ አባቴ ወደ ቅዳሜ ገበያ ይዞኝ ሄደ። ከቆዳ ሻጮቹ ዘንድ ምራን ለመግዛት ነበር የሄደው። ሻጩ ሰውዬ አንዱን አንሥቶ ሲያሳየን እንዴት እንደሚሠራ ነገረን፤ ቆዳው ይወጠራል፣ ፀጉሩ ይፋቃል፣ ከዳር ጀምሮ እየዞረ እንደ ዱባ ልጣጭ በአንድ ወጥ ይቆረጣል፣ ከዚያ በቅባት እየታሸ ይለሰልሳል፤ ጥሩ የሆነ እንደሆነ ዓመታት ያገለግላል። አባቴ ዝም ብሎ አደመጠ፤ ከዚያም እንደ ዋዛ «አንድ ገበሬ አሁን ምራኑ ቢበላሽበት ምን ያደርጋል?» ሲል ጠየቀው። ሻጩ በጥያቄው ተገረመ። «ገንዘብ ካለው ይገዛል። ከሌለው ቆዳ ይጠብቃል፤ አሁን ጾም ነው፣ እስከ ፋሲካ ማን ያርዳል?» አለው። የዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 15 ቀን ነበር። ገበሬው መሬቱን መገልበጥ የሚጀምረው ደግሞ በጾሙ ውስጥ ነው።

አባቴ መጋቢት ላይ በአውቶቡስ ብቻውን ሄደ፤ በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። ስንጠይቀው «አደረስኩ፤ ደኅና ናቸው» ብቻ አለን። የቀረውን የነገረኝ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እርሱ ጡረታ ወጥቶ፣ እኔም የራሴን ልጅ ይዤ ልጠይቀው በሄድኩበት አንድ ከሰዓት ነው። ጠፍሩ ከመጻሕፍቱ መደርደሪያ ጎን ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ ልጄ ምን እንደሆነ ጠየቀችው፤ ለእርሷ ሲነግራት እኔም ሰማሁ።

ሲደርስ ሁለት ማሳዎች ጎን ለጎን አየ። የጎረቤትየው ሁለት ጊዜ ታርሶ ጠቁሯል። የሽማግሌው ግን ግማሹ ገና ገለባው እንደቆመ ነው። በተቆረጠው ምራን ማረስ ሞክረው ነበር፤ ከመካከሉ የተወሰደበት ጠፍር አሳስቶት በሁለተኛው ቀን ተበጠሰ። ከዚያ ጀምሮ የሚያርሱት ጎረቤታቸው በማያርስባቸው ቀናት፣ ምራኑን ተውሰው ነው። ይህንን ለአባቴ የነገረው ልጃቸው ነው፤ እርሳቸው ስለ ማሳው አላነሡም። የዚያ ምሽት የባለቤታቸው አስተያየት ምን እንደነበር ለእኔም የገባኝ ያኔ ነው። ባለቤታቸው ጾሙን ቆጥረውታል፤ ፋሲካን ቆጥረውታል፤ እርሻውንም ቆጥረውታል። ከዚያ በኋላ ነው ወስፌያቸውን አንሥተው የሰጧቸው።

«ያን ጊዜ ቢነግሩኝ ኖሮ አልወስድም ነበር» አለ አባቴ። «ያልነገሩኝም ለዚሁ ነው።»

እኔ አባቴን አውቀዋለሁ፤ ያን ሁሉ ዓመት ይህን ያልነገረን ጨዋታችንን እንዳያበላሽብን ብሎ ነው። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ በበዓል ቡና ላይ የሊማሊሞዋ ስትነሣ ስለ ሁለቱ ማሳዎችም እናገራለሁ። ሳቁ ለጥቂት ጊዜ ይቆማል። እናቴ ምንም አትልም፤ ትንሽ ቆይታ «እውነት ነው» ትላለች፣ ከዚያም ሦስተኛውን ቡና ትቀዳለች።

አዲሱን ምራን ሽማግሌው ተቀብለው በሁለት እጃቸው አጠፉት፤ ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱት። ጥሩ ቆዳ ነው አሉ፤ ቅባት ግን ይጎድለዋል፤ ለፋሲካ ቅቤ ሲወጣ ያሹታል። ግድግዳው ላይ፣ የድሮው በነበረበት ቦታ ሰቀሉት። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረው «ያች ባትሪ የያዘችልን ልጅስ?» ብለው ጠየቁት። «ክንዷ ዝሎባት ነበር።»